የጉድጓድ ውኃና የቧንቧው ስፋት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከደመወዛችሁ ቈጥባችሁ በትውልድ አገራችሁ ላሉት ወላጆቻችሁ ጉድጓድ ለማስቈፈር ያሰባችሁ ብዙዎች እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ። ዐሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚባክነው በቁፋሮው ሳይሆን ከጉድጓዱ እስከ ማድ ቤቱ ባለው ቧንቧ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ነው።

አንድ የማውቀው የመሥሪያ ቤት ባልደረባ፥ እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ባሠሩበት በመርጡለ ማርያም ለሚኖሩት እናቱ ጉድጓድ አስቈፈረ። ውኃው ከአፉ ስምንት ሜትር ርቆ ተገኘ፤ ከላይም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተተከለ። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ጮኸ እንጂ ጠብታ አላወጣም። እናቲቱም እንስራቸውን አንሥተው ወደ ምንጩ ተመለሱ። ሻጩ ተረገመ፤ ሠራተኛው ተወቀሰ፤ የሁለቱም ጥፋት ግን የአየሩን ነገር አለማወቅ ብቻ ነበር። ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያስወግዳል እንጂ፥ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። ይህም ክብደት በባሕር ጠለል ላይ ውኃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፤ 2,500 ሜትር በሚደርስ ደጋ ግን አየሩ ስስ በመሆኑ ከ7 ሜትር ተኩል ብዙ አያልፍም። ከዚህም ላይ የቧንቧው ፍትጊያና የፓምፑ ድካም ሲቀነስ የሚታመንበት 5 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ውኃው ከዚህ በታች የራቀ እንደ ሆነ፥ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ መግዛት ግድ ይሆናል። በበጋ ውኃው እንደሚሸሽም አትርሱ፤ ልኩ የሚወሰደው በግንቦት እንጂ በመስከረም አይደለም።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ የሚሞላ ውኃ 30 ሜትር በሚረዝም የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ውስጥ እንዲያልፍ ቢፈለግ፥ በፍትጊያ ብቻ የ9 ሜትር ከፍታ ያህል ኃይል ይጠፋል። በሦስት አራተኛ ኢንች የሚጠፋው 2 ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ኢንች አንድ ሜትርም አይሞላ። እንግዲህ ሮቶው ከቧንቧው አፍ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ በማማ ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ በግማሽ ኢንች ያ ጀሪካን ሁለት ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል ማለት ነው። ለማማው ብረትና ለብየዳው ያን ያህል ገንዘብ አፍስሶ በቧንቧው መሰሰት፥ ፈረስ ገዝቶ እግሩን እንደ ማሰር ይመስለኛል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አሠሪነት ከእንጦጦ የመጣው ውኃ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ የወጣው፥ ከእንጦጦ ከፍታ ባገኘው ኃይል እንደ ነበረ አስታውሱ። ከፍታ ሀብት ነው፤ ጠባብ ቧንቧ ግን ይበላዋል።

በገበያ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የብረት ቧንቧ በኢንች ሲጠራ ግማሽ ኢንች የተባለው ውስጡ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፒ ፒ አር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን የሚለካው በውጭው ስለ ሆነ፥ ወፍራሙ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ውስጡ 13 ያህል ብቻ ነው። ከሦስት አራተኛ ኢንች ብረት ጋር የሚተካከለው ባለ 32 ነው። ስለዚህ ሻጩን የውስጡን ስፋት ጠይቁት።

ስለ ዓይነቱ፥ ዚንክ የተቀባው ብረት ዱላ ይችላል፤ ነገር ግን ጥርስ ሲወጣለት ቅቡ ስለሚላጥ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል፤ ውስጡም እየጠበበ ይሄዳል። ፒ ቪ ሲ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ ይሰባበራልም። ከጉድጓዱ እስከ ሮቶው ድረስ እኔ የምመርጠው በጥቅል የሚሸጠውን ጥቁሩን ፕላስቲክ ነው፤ ይታጠፋል፥ መጋጠሚያውም ጥቂት ነው። ፒ ፒ አር በእሳት የሚጋጠም በመሆኑ መብራትና የለመደ እጅ ይሻል፤ ለቤት ውስጥ ግን መልካም ነው።

ቧንቧው ማረሻና የከብት ኮቴ እንዳያገኘው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበር። ቦዩ ከመደፈኑ በፊትም ውኃ ተሞልቶ አፉ ተዘግቶ ይደር፤ ጠዋት መጋጠሚያዎቹ ሁሉ ደረቅ ሆነው ከተገኙ ያን ጊዜ አፈሩ ይመለስበት።