የነጋዴው ስም በማን መዝገብ ላይ ይጻፍ?



ጉግል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአነስተኛ ነጋዴዎች አንድ ነፃ የድረ ገጽ መሥሪያ አቀረበ። ነጋዴው የሱቁን ስም፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የሥራ ሰዓቱንና ጥቂት ፎቶግራፎችን ከሰጠ፣ መሣሪያው ራሱ አንድ ገጽ አሰናድቶ ያወጣለት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 እነዚያ ገጾች ሁሉ ተዘጉ። እስከ ጁን 10 ድረስ የድሮውን አድራሻ የሚከፍት ሰው ወደ ሌላ የጉግል ገጽ ይመራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በታፔላና በመጠቅለያ ከረጢት ላይ የታተመው አድራሻ ወዴትም የማያደርስ ሆኖ ቀረ። ያሁ እ.ኤ.አ. በ1999 የገዛው ጂኦሲቲስም በ2009 በአሜሪካ ሲዘጋ የብዙዎች ገጽ አብሮት ጠፍቷል።

መሣሪያዎቹን መንቀፍ ግን ተገቢ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስኩዌርስፔስም ሆነ በ2006 በቴል አቪቭ የተቋቋመው ዊክስ፣ ቀድሞ ባለሙያ መቅጠርን ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ነጋዴው በጥቂት ሰዓት እንዲፈጽመው አስችለዋል። አደጋው አድራሻው በማን ስም እንደ ተመዘገበ ካለማስተዋል ይመጣል። በነፃ የሚገኘው አድራሻ የመሣሪያውን ባለቤት ስም የተሸከመ በመሆኑ፣ ነጋዴው በሰው መሬት ላይ ጎጆ እንደ ቀለሰ ጭሰኛ ነው። በዊክስ የተሠራ ገጽ እንኳ እንዳለ ተነቅሎ ወደ ሌላ አገልግሎት ሊዛወር አይችልም።

በነጋዴው በራሱ ስም ተመዝግቦ በየዓመቱ የሚታደስ አድራሻ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። መሣሪያው ቢዘጋ ወይም ዋጋው ቢንር፣ ባለቤቱ ያንኑ አድራሻ ወደ አዲስ ገጽ ያዞረዋል፤ ደንበኛውም የለመደውን ስም ጽፎ ይገባል።

በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ለምትሸጥና ዋሺንግተን ድረስ ደንበኛ ላላት ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን ብዙው አነስተኛ ንግድ የሚተዋወቀው በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ሲሆን፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. እነዚህ መድረኮች በኢትዮጵያ ታግደው በቆዩበት ጊዜ ሌላ ደጅ ያልነበረው ነጋዴ ከገበያተኛው ተለያይቶ ነበር። (ንድፍ ሲመረጥ የአማርኛ ፊደል አምሮ መታየቱን አስቀድሞ መፈተን ይገባል፤ አንዳንዱ ንድፍ የተሰናዳው ለላቲን ፊደል ብቻ ነው።)

ገጹን የሚሠራላት ወጣት አድራሻውን በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው፣ በመዝገቡ ላይ ባለቤቱ እርሱ ነው። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በዶላር የሚጠየቅ በመሆኑም፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልላታል፤ በዚያውም በስሙ ያስመዘግበዋል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ የማደሻው ማሳሰቢያ የሚላከው ለዘመዷ ነው፤ እርሱ ሳያነበው ከቀረ፣ ነጋዴዋ የምትሰማው ስሙ ተለቅቆ ሌላ ሰው ከወሰደው በኋላ ሊሆን ይችላል።