ወረቀታችንን ለማን እንስጥ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)

የቁሐር ሚካኤል ነዋሪዎች፤

የሩዙን ወፍ ጥበቃ ለልጆች ትታችሁ ስለመጣችሁ ማኅበራችን ያመሰግናል። ዛሬ የምንነጋገረው ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ወረቀት ሲያስጨርሱ ማንን ማመን እንዳለባቸው ነው። ይሂዱ ወይስ ይቅሩ የሚለው የየቤቱ ጉዳይ ስለሆነ እኛ አንገባበትም። መሬቱ ጠቧል፣ ልጁ በዝቷል፣ ርብ ሲሞላም የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ነገሩን ያነሣነው በምክንያት ነው። ባለፈው ወር አንዲት እናት ለልጃቸው የዕድሜ ምስክርነት እንድንጽፍላቸው መጡ። «23 ዓመቷ ነው በሉልኝ» አሉ። እኛ ደግሞ የልጅቱን ክርስትና በልተናል፤ 16 ዓመቷ ነው። «ጉዳይ አስፈጻሚው እንዲህ ካልተጻፈ አይሆንም ብሎኛል» አሉን። አልፈረምንም። እናትዮዋ አኩርፈውን ከረሙ፤ አሁን ግን «ለሌላው ትምህርት ይሁን፣ ተናገሩት» ብለው ፈቅደውልናል። ስማቸውን አናነሣም።

ለካስ የወይፈኑን ዋጋ አስቀድመው ለሰውዬው ሰጥተውት ኖሯል! ደረሰኝ አምጡ ብንል የለም። ስሙ ማን ነው ብንል የሚያውቁት ቅጽል ስሙን ብቻ ነው። ቢሮው የት ነው ብንል ወረታ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ስልክ ደወልንለት፤ አንድ ጊዜ አነሣና ከማኅበር መሆናችንን ሲሰማ ዘጋው። እስከ ዛሬ ዝግ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ዕድሜ ብቻ አይደለም የሚለውጥ፤ ስምም ይለውጣል። ለሳውዲ ይቀላል እያለ የክርስቲያኗን ልጅ የአባቷን ስም ሳይቀር ቀይሮ በሙስሊም ስም ፓስፖርት ያስወጣል። በብዙ አካባቢ የሆነ ነገር ነው፤ በእኛም ሆኗል። ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ የልጁ ድምፅ ጠፍቶበት 7 ወር ፈልጓል። የሄዱበት ቢሮ ሁሉ ስሟን ይጠይቃል፤ እነሱም እናት ያወጣችላትን ስም ይናገራሉ፤ በመዝገብ ላይ ግን እንዲህ የምትባል ሰው የለችም። የተገኘችው አብራት የነበረች ተመላሽ ልጅ «እዚያ ስሟ ሌላ ነው» ብላ ከነገረቻቸው በኋላ ነው። ደመወዟ ቢቀር፣ ብትታመም፣ እግዚአብሔር አያድርገውና የባሰ ቢመጣ፣ ማን ብለን ነው የምንጠይቅ?

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን በሙሉ አግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ከሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባረው ተመልሰዋል። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሕጋዊው ቤት ሲዘጋ ደላላው አልተዘጋም፤ እንዲያውም ሥራው የደራለት ያኔ ነው። የሻይ ቤቱ ልማድም ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ ብለን እናምናለን።

በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቷል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው አይላክም ይላል። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድኑንም ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ለሠራተኛዋ የተተወላት የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ማስረጃና ይህን የመሳሰለው ነው። እንግዲህ «የቪዛ» ብሎ በሬ የሚያሸጣችሁ ሰው የአሠሪውን ዕዳ ከእናንተ እየሰበሰበ መሆኑን ዕወቁ።

በዚሁ አዋጅ ኤጀንሲ የሚከፍት ሰው 100 ሺህ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ብር በዝግ ሂሳብ ዋስትና እንዲያስይዝ ታዟል። የሠራተኛዋ መብት ሲጣስ መያዣ እንዲሆን ነው። አሠሪው ውሉን ቢያፈርስ ኤጀንሲውም አብሮ ይጠየቃል። ፈቃድ ያለው ሁሉ ደግ ነው ማለታችን አይደለም፤ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያታልልም አይጠፋም። ግን ሄደን የምናንኳኳው በር አለው። የሻይ ቤቱ ሰው ምን በር አለው? ሒሳቡን ከፍሎ ይነሣል።

ፈቃድ የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ፣ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የኤጀንሲውን ሙሉ ስም ይዛችሁ ወረታ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወጪው የባጃጅ ብቻ ነው። «ኧረ እኔ ያገሬን ልጅ አምናለሁ» የሚል አለ። ያገር ልጅ ከሆነማ ስሙንና ፊርማውን በደረሰኝ ላይ ቢያኖር ምን ይጎዳዋል?

ኮምፒዩተር ቤት ለምታስሞሉ ደግሞ ይህን አደራ እንላለን። በምዝገባው ላይ የሚገባው ስልክ ቁጥር የራሳችሁ ይሁን። የሚሞላላችሁ ልጅ የራሱን ቁጥር ካስገባ መልእክቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል፤ እናንተ ለማኝ ሆናችሁ ትቀራላችሁ። የውሉ፣ የፓስፖርቱና የደረሰኙ ኮፒ ከቤት ይቅር። ልጅቱ ይዛው ከሄደች ለአሠሪዋ ነው የሚተርፈው።

ኮሚቴው የወሰነውን እነሆ። ማኅበራችን ከእውነተኛው ዕድሜና ከእውነተኛው ስም ውጭ ምስክርነት አይጽፍም፤ ዘመድም ቢሆን። ለመሄድ የቆረጠች ልጅ ካለች፣ የኤጀንሲው ስም፣ የፓስፖርቷ ቁጥርና የምትሄድበት ከተማ በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍላታል። መዝገቡ ከጸሐፊው ዘንድ ነው፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይከፈታል።

የወይፈኑ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። እናትዮዋ «እኔም አብሬ እታሰራለሁ» ብለው ለፖሊስ ለማመልከት ፈርተው ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ቅጣቱን ያከበደው በሰው በሚነግደውና በሚያሻግረው ላይ እንጂ በተጎጂው ላይ አለመሆኑን አስረድተናቸዋል። ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሦስት የኮሚቴ አባላት አብረዋቸው ወረታ ይወርዳሉ፤ ለዚያው ሰው ገንዘብ የሰጠ ሌላ ነዋሪ ካለ አብሮን ይምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ