ጥቁር ጭስ ከየት ይመጣል?

(ድሬዳዋ ላይ በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ስለ ሞተር ለመናገር ከድሬዳዋ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ ብረት ፈትተው በሚገጥሙ እጆች የኖረች ናት። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ከፍ ያለ አይደለም። ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ጭሱ የጠቆረ፣ ናፍጣ የሚፈጅ አሮጌ የጭነት መኪና ጋራዥ ሲገባ ምርመራው ከየት ይጀምር? የምናገረውም ራሴ ከተሳሳትሁበት ሥራ ተነሥቼ ነው።

መኪናው ሁላችን «ኤንትሬ» የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነበር። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ቱርቦ የለውም፤ አየሩን በራሱ ስበት ብቻ ያስገባል። ባለንብረቱ ራሱ እየነዳ ሲሚንቶ ወደ ሐረር ያወጣበታል። «ወርያ፣ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ደንገጎ ላይ ደግሞ ከኋላዬ ለሚመጣው መንገዱ አይታየውም» አለኝ። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛምና፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው እኔም አንተ እያልሁ ተቀበልሁት።

ዲፕራተሩን ፈታሁ። አቧራው አልበዛም፤ ዘይቱም ንጹሕ ነበር። «እንግዲያውስ አየሩ ደኅና ነው» ብዬ ፈረድሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ወደ ፖምፓው ቸኮለ። የናፍጣውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነውን፣ በእርሳስ የታሸገውን ቡሎን ከፍቼ መጠኑን ቀነስሁ። ጭሱ ቀለል አለ፤ ዋጋዬን ተቀበልሁ። በሦስተኛው ቀን መኪናው አቀበቱ አልገፋ ብሎት፣ ጭነቱን ለሌላ መኪና አስረክቦ ተመለሰ። ሰውየው «ጭሱን አጠፋህልኝ፤ ጉልበቱንም አብረህ አጠፋኸው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥቁር ጭስ ማለት አየር ያላገኘ ናፍጣ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ተሟልቶ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያ በርከት ያለ ካላገኘ ያጨሳል። ስለዚህ ጭሱ ሲጠቁር ናፍጣው በዝቶ ይሆናል፤ አየሩ አንሶም ይሆናል። ከጭሱ ቀለም ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። እኔ ጥፋቱን ለናፍጣው የሰጠሁት ስላየሁት ሳይሆን፣ ቡሎኑ ለካቻቢቴዬ ቅርብ ስለነበረ ነው።

በዚህ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጅቡቲ በባሕር ጠርዝ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር እዚህ በ13 በመቶ ያህል፣ ሐረር ላይ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፤ በቆላው የሚለካውን ናፍጣ በደጋውም ያንኑ ይለካል። ጅቡቲ ላይ ንጹሕ የነበረ መኪና ደንገጎ ላይ ጥቂት ቢያጨስ አይደንቅም። መንገድ የሚጋርድ ጭስ ሲሆን ግን በከፍታ ብቻ አይመካኝም።

ሁለተኛውን ምርመራ በዝግታ አደረግሁ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ የየኖዝሉን ቱቦ ዳዶ በተራ አላላሁ። (ጣት ከሚረጨው ናፍጣ ይራቅ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።) ጤነኛ ሲሊንደር ናፍጣው ሲቋረጥበት ሞተሩ ወዲያው ድምፁን ይለውጣል። አራተኛው ላይ ድምፁ አልተለወጠም፤ ጭሱ ግን ሳሳ። ኖዝሉን አውጥቼ በመፈተሻው ላይ ብሞክረው፣ ናፍጣውን እንደ ጉም መንፋቱን ትቶ ያንጠባጥባል። የመንቀጥቀጡ ምክንያት ይህ ነበር። የሞተሩ ዘይትም ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሳይቃጠል በሲሊንደሩ ግድግዳ የሚወርድ ናፍጣ ዘይቱን ያጥባል፤ ከሰነበተም ፋሻውን ይጨርሳል። ያ ቢሆን ኖሮ የሰውየው ኪሳራ የአንድ ጭነት ኪራይ ሳይሆን የሞተሩ መከፈት ይሆን ነበር።

ኖዝሉ ከተለወጠ በኋላ ሞተሩ ሲቆም ረጋ። ዙሩ ከፍ ሲል ግን ጭሱ አልለቀቀም። በመጨረሻ ባለንብረቱ ነዳጁን እንዲረግጥ አድርጌ ከጎን ቆሜ ተመለከትሁ። ከዲፕራተሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ማኒኮቶ በዙሩ ብርታት ተስቦ ጠፍጣፋ ሆነ፤ እግሩን ሲያነሣ ተመልሶ ክብ ሆነ። ከሌላ መኪና ተቆርጦ የገባ ጎማ ነበር፤ ከውስጥ የሚፈስን ውሃ ይችላል፤ ስበትን አይችልም። ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት በእጅም በዐይንም ደኅና ነው። ንጹሕ ዲፕራተር አይቼ አየሩ ደርሷል ያልሁት፣ ውሃው ከምንጩ ጠርቷልና እንስራው ሞልቷል እንደ ማለት ነበር።

ማኒኮቶው በጠንካራ ተለወጠ፤ ዘይቱም ተቀየረ። የነካካሁትን ፖምፓ በራሴ ወጪ ወደ መለኪያ ጠረጴዛ ልኬ፣ በፋብሪካው መጠን አስተካክሎ እንደገና አሳሸግሁት። የመጀመሪያውን ዋጋም መለስሁ። ሰውየው ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ሙሉ ሲሚንቶ ጭኖ ሲወጣ አጠገቡ ተቀምጬ ሄድሁ። ደንገጎን ሳንቆም አለፍን። በላይኞቹ ኩርባዎች ላይ ቀጠን ያለ ግራጫ ጭስ በመስተዋቱ ታየኝ። ሰውየውም አይቶት ኖሮ ዞር ብሎ ተመለከተኝ። «እሱ የከፍታው ነው፤ ተወው» አልሁት።