ስለ ሄፓሪን ሞለኪውል ክብደት አለካክ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው ሄፓሪን የተባለው መድኀኒት በሆስፒታል የታወቀ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ ደሙ በመሣሪያ ለሚታጠብ፥ የልብ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት፥ እግሩ ውስጥ ደም ለረጋበት ሕመምተኛ ሁሉ ይሰጣል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሕክምናው አይደለም፤ ያ የሐኪሞች ድርሻ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር የሚገባው ዐይነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥያቄያችን ይህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

ሄፓሪን ከእንስሳ ይወጣል። በ1916 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጄይ ማክሌን የተባለ የሕክምና ተማሪ፥ በፕሮፌሰር ዊልያም ሃወል ቤተ ሙከራ ሲሠራ፥ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር አገኘ። (ተማሪ እንደ ነበረ ልብ በሉልን!) ሃወልም በ1918 ከጉበት የግሪክ ስም ወስዶ ሄፓሪን አለው። በኋላ ከከብት ሳንባ ይወጣ ዠመር፤ ዛሬ አብዛኛው የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ነው። በ1990ዎቹ የከብት እብደት በሽታ ፍርሃት በመጣ ጊዜ አውሮፓና አሜሪካ የከብቱን ትተውታልና። በአገራችን ይህን የሰማ ሰው የሃይማኖቱን ነገር ይጠይቀናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ለሃይማኖት መምህራን እንተዋለን።

ከእንስሳ የሚወጣ በመሆኑ ሄፓሪን እንደ ጨው አንድ ወጥ ሞለኪውል የለውም። የስኳር ፍሬዎች የተሰኩበት ክር ነው፤ አንዱ መቍጠሪያ አጭር፥ አንዱ ረዥም ሆኖ ሁሉም በአንድ ከረጢት እንደ ተከተቱ ማለት ነው። ርዝመቱ ደግሞ ለሥራው ወሳኝ ነው። በደማችን ውስጥ አንቲትሮምቢን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ሄፓሪን አምስት የተለዩ ስኳሮች ባሉበት ስፍራ ይይዘውና ያነቃዋል። ነገር ግን ትሮምቢን የተባለውን ዋናውን አርጊ ለማሰር፥ ክሩ አንቲትሮምቢንንም ትሮምቢንንም በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት። ለዚህም ቢያንስ 18 ስኳር ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ወደ 5,400 ዳልተን ነው። ከዚያ ያጠረው ክር ፋክተር አሥርን ብቻ ይከለክላል። እጅግ የረዘመው ደግሞ ከሌሎች የደም ፕሮቲኖች ጋራ ስለሚጣበቅ፥ ሐኪሙ የሰጠው መጠን ምን ያኽል እንደሚሠራ ለመገመት ያስቸግራል። አንዳንዱ መድኀኒት ሆነ ተብሎ ያጥራል፤ ኢኖክሳፓሪን የተባለው አማካይ ክብደቱ ወደ 4,500 ዳልተን ነው። እንግዲህ ክብደት ስንለካ የምንለካው ሥራውን ጭምር ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። አንድ ቱቦ፥ በሰውነታቸው ላይ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ባላቸው ደቃቅ ፍሬዎች ይሞላል፤ ሄፓሪኑም በጨው ውሃ ሟሙቶ በግፊት እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህን የሰማ ሰው ወንፊት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀድሞ የሚወጣው ትልቁ ነው። አዋቂና ሕፃን በመርካቶ ሲያልፉ እንመልከት፤ አዋቂው በየስርቻው መግባት ስለማይችል በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሕፃኑ በየቀዳዳው ሲገባና ሲወጣ ይዘገያል። በቱቦው ጫፍ ያለው መሣሪያ በየደቂቃው የወጣውን መጠን ይመዘግባል፤ ከዚህም ጕብጕብ ያለ መስመር ይሣላል።

የመውጫው ሰዓት ግን ብቻውን ክብደት አይሆንም። ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ ሄፓሪን በዚያው ቱቦ አልፎ መለኪያ ሊሆን ይገባል። በሌላ ስኳር፥ ለምሳሌ በዴክስትራን፥ ቢመዝኑት ስሕተት ይገባል፤ ሄፓሪን ኔጋቲቭ ሙል የበዛበት ስለ ሆነ ክሩ ተዘርግቶ ከክብደቱ በላይ ትልቅ መስሎ ይታያል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ትምህርቱን በዠመርን ጊዜ አማካዩ ቍጥር ከደረሰን ሌላው ሁሉ ትርፍ ነገር ይመስለን ነበር። አንድ መምህራችን ግን ሁለት ናሙና በጥቁር ሰሌዳ ጻፉልን። የመዠመሪያው ሞለኪውሉ ሁሉ 17,000 ዳልተን ነው። የሁለተኛው በክብደት ግማሹ 9,000፥ ግማሹ 25,000 ነው። የሁለቱም የክብደት አማካይ ያው 17,000 ነው! በወረቀት ላይ መንትያ ናቸው፤ በሕመምተኛ ደም ውስጥ ግን መንትያ አይደሉም። ስለዚህ የአሜሪካ ፋርማኮፒያ አማካዩ ከ15,000 እስከ 19,000 እንዲሆን ሲያዝ፥ በዚያ ብቻ አልተወውም፤ ከ24,000 በላይ የሆነው ክፍል ከመቶ 20 እንዳይበልጥ፥ ከ8,000 እስከ 16,000 ያለውም ከ16,000 እስከ 24,000 ካለው እንዳያንስ ያዛል። ሁለተኛው ናሙና ግማሹ ከ24,000 በላይ ነውና ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አለመሆኑን በ2007 መጨረሻና በ2008 የደረሰው ነገር ያስረዳል። በአሜሪካ ሄፓሪን የተወጉ ሕመምተኞች የደም ግፊታቸው በድንገት ወረደ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ጥሬው ዕቃ ከቻይና የመጣ ነበር። ምርመራው ሲያልቅ፥ ከእንስሳ ቅርጭጭት ከሚገኝ ኮንድሮይቲን የተሠራ፥ ሰልፌት ያለ ልክ የተጨመረበት ርካሽ ነገር ተቀላቅሎበት ተገኘ። ታዲያ እንዴት አለፈ? የዚያን ጊዜው ዋና ፈተና ደም እንዳይረጋ መከልከሉን የሚያይ ነበረ፤ ባዕዱ ነገርም ራሱ በመጠኑ ይከለክላል። እውነቱን ለመናገር ክብደት መለካትም ብቻውን አይዘውም ነበር፤ የባዕዱ ነገር ክብደት ከሄፓሪን የሚቀራረብ ነውና። የያዘው ኤን ኤም አር የተባለው፥ የሞለኪውሉን አሠራር በማግኔት የሚያሳየው መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋርማኮፒያው ይህን ፈተና ጨመረ፤ የክብደቱንም ሥርጭት ቀጥሎ ጨመረበት። አንዱ ፈተና ያላየውን ሌላው እንዲያይ ነው።

ነገ ከእኛ መካከል የመድኀኒት መርማሪ ወይም ገዢ የሚሆን ይኖራል። ከሻጩ የሚመጣው የምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ አንድ ቍጥር ብቻ የተጻፈበት ነው፤ «አማካይ ክብደት 16,800» ይልና ማኅተም ይመታበታል። በእኛ አስተያየት መስመሩን አሳዩን ማለት ይገባል፤ በየትኛው መለኪያ እንደ ተለካም መጠየቅ ይገባል። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሻጩን አስቸገረ ይባል ይሆናል፤ ይባል።

የሁለቱን ናሙናዎች መስመር በትልቅ ወረቀት ሥለን አምጥተናል። ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ጥያቄ ያለውም እዚያው ያገኘናል።