ድኩላ ሳያውቅብን ድኩላን ማየት

የዛሬው ዝግጅታችን በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሸቤ፣ በጌራና በሊሙ ለምትኖሩ፣ በተለይም እንግዳ ይዛችሁ ወደ ቡና ደን ለምትገቡ አስጎብኚዎችና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ምን ለብሰን፣ እንዴት ብንሄድ ነው ድኩላን ሳናስበረግግ የምናየው?

በውጭው ዓለም በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የተደከመው ለአጋዘን አዳኞች ሲባል ነው። ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱ የፈረንጅ አጋዘን በአገራችን የለም። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ነው። የእኛ ድኩላ በዝምድና የሚቀርበው ለላም ነው፤ ሚዳቋ ደግሞ ወደ ፍየል ያደላል። ይሁንና የሁሉም ጠባይ በአንድ ነገር ይገናኛል። አፍንጫቸው፣ ጆሯቸውና ዓይናቸው ከሩቅ አደጋን ለመለየት የተሠራ ነው። አዳኞች ለመግደል የተማሩትን እኛ ለማየት እንጠቀምበታለን። ያለ ፈቃድ ማደንን የአገራችን ሕግ ይከለክላልና ዛሬ የምናወራው ስለ ጠመንጃ አይደለም።

ከአፍንጫ እንጀምር። አብዛኛው ሰው ጫካ ሊገባ ሲል መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ልብሱ ቀለም ነው። ድኩላ ግን ገና ሳያየን ያሸተናል። ነፋሱ ከእኛ ወደ እሱ የሚሄድ ከሆነ ምንም ዓይነት ልብስ አያድነንም። ስለዚህ ደቃቅ አመድ በጨርቅ ቋጥራችሁ ያዙ። በየመንገዱ ቆንጠር አድርጋችሁ በትኑና አመዱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። አመዱ ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ጥሩ ነው፤ ወደምታዩት ቦታ ከሄደ ግን ዞራችሁ በሌላ በኩል ግቡ። እንደ ጌራ ባለ ተራራማ አገር ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሲሞቅ አየሩ ሽቅብ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ሲመሽና ሌሊቱን ቀዝቅዞ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ማየት፣ ሲመሻሽ ደግሞ ከታች ሆኖ ወደ ላይ ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ልብሱንም ለአፍንጫ ብላችሁ አዘጋጁት። ሽቶ፣ ቅባትና ሽታው የሚከብድ ሳሙና በዚያን ዕለት ይቅር። ልብሱን ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ሳይሆን ውጭ አስጡት። ዳገት ስትወጡ ጃኬታችሁን በቦርሳ ያዙትና ቁጭ ስትሉ ልበሱት። ላብ የጠጣ ልብስ ሽታው ሩቅ ይሄዳል፤ እናንተንም ቁጭ ስትሉ ያበርዳችኋል።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። በ1994 እ.ኤ.አ. ጄራልድ ጃኮብስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሁለት ዓይነት የፈረንጅ አጋዘኖችን ዓይን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በ1998 ደግሞ የላምን፣ የፍየልንና የበግን ጨመሩበት። የእኛ ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ተቀባዮች ሦስት ዓይነት ሲሆኑ የእነዚህ እንስሳት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ለሰማያዊ፣ ሌላው ለአረንጓዴ የተሠራ ነው። ቀይንና ብርቱካንማን ከአረንጓዴና ከቡናማ ለይተው ማየት አይችሉም። ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ፤ በተለይ በንጋትና በምሽት ደብዛዛ ብርሃን። ድኩላ የላም ዘመድ ነውና ይህ ለእሱም ይሠራል ብንል አንሳሳትም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ብዙ ሰው ከለመደው የተለየ ነው። ጫካ ለመግባት የማይሆነው ቀለም ሰማያዊ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የሚለብሰው ሰማያዊ ጂንስ ቤት ይቅር። ነጭ ጋቢና ነጠላም ከጥላው ውስጥ ጎልተው ይታያሉ። ካኪ፣ ቡናማ፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስል ማንኛውም የደበዘዘ ቀለም ይበቃል። ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ዥንጉርጉሩን የወታደር ሬንጀር ግን በፍጹም አትልበሱ። ከፀጥታ ኃይል የደንብ ልብስ ጋር የሚመሳሰል ነገር ለብሶ ጫካ ውስጥ መገኘት ለራስም ለአካባቢው ሰውም ጣጣ ነው።

አንድ የተደበቀ ነገርም አለ። ብዙ የዱቄት ሳሙናዎች ልብስ ይበልጥ የነጣ እንዲመስል የሚያደርግ ኬሚካል አላቸው። ይህ ኬሚካል ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ያም የእነሱ ዓይን በደንብ የሚያየው ቀለም ነው። ልብሳችሁን ለመፈተን ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ወይን ጠጅ መብራት ተጠቀሙ። ጨለም ባለ ቦታ ልብሱን ሥሩ ያዙት። ቡናማ ነው ያላችሁት ሸሚዝ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ ለጫካ አይሆንም። ለጫካ የምትለብሱትን ልብስ ገና አዲስ ሳለ ለይታችሁ አስቀምጡና ይህ ኬሚካል በሌለው ሳሙና ብቻ እጠቡት።

የቀለሙን ያህል፣ እንዲያውም ከቀለሙ በላይ፣ እንቅስቃሴ ያጋልጣል። የድኩላ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። ጥቃቅኑን ነገር እንደ እኛ አጥርቶ ባያይም የተንቀሳቀሰ ነገር አያመልጠውም። የዋንዛ ወይም የሰሳ ግንድ ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ከኋላችሁ ሰማይ አይኑር። ፊትና እጅ ከሁሉ በላይ ስለሚንቀሳቀሱ በባርኔጣና በስስ ጓንት ሸፍኗቸው። ጆሮውን ደግሞ በጨርቁ ዓይነት አስቡት። የላስቲክ የዝናብ ልብስና ናይለን ጃኬት ቅርንጫፍ በነካቸው ቁጥር ይንሿሿሉ፤ ጥጥና ሱፍ ግን ድምፅ የላቸውም። ሞባይላችሁን ዝጉት፤ የቁልፍ ዘለላም ኪስ ውስጥ አይንጫጫ።

እንዲህ ተዘጋጅታችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ የቡናው ደን ዳር ቁጭ ብትሉ የምታዩት ይህን ይመስላል። ድኩላው ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ሁለት እርምጃ ይራመድና ይቆማል። ቅጠል ይቀነጥባል፤ እያኘከ ጆሮዎቹን አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ያዞራል። በደጋ ደኖቻችን የሚኖረውና በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም የተሰየመው የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ሴቷ ግን ቀላ ያለች ናት፣ ቀንድም የላትም። ድኩላው ከጠረጠረ ቀጥ ብሎ ወደ እናንተ ያፈጣል። ያኔ ትንፋሻችሁን ሳይቀር ቀስ አድርጉ። እንደ ውሻ ያለ ሻካራ ጩኸት ጮኾ፣ የጭራውን ነጭ ወደ ላይ አድርጎ ከዘለለ አልቋል። አትከተሉት። የተጨነቀ ወንድ ድኩላ በቀንዱ ይዋጋል።

ከእንስሳ ተደበቁ እንጂ ከሰው አትደበቁ። በለጠ ጌራን የመሰለ ደን ባለቤት አለው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የተደራጁ የነዋሪዎች የደን ማኅበራት ከመንግሥት ጋር አብረው ሲጠብቁት ኖረዋል። ስትገቡ አሳውቋቸው፤ ከእነሱ መካከል መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በቦርሳችሁ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ እሰሩ። ሰው ከሩቅ ይለየዋል፤ ድኩላው ግን ከደረቀ ቅጠል አይለየውም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኞች እርስ በርስ በስህተት እንዳይመታቱ ብርቱካንማ እንዲለብሱ በሕግ የሚገደዱት ይኸው ስለሚሠራ ነው።

አድማጮቼ፣ የጅማ ቡና ክብሩ ከጥላ ዛፎቹ ሥር መብቀሉ ነው። ያ ጥላ የድኩላም ቤት ነው። አንድ ድኩላ በወጥመድ ቢያዝ ለአንድ ቀን ሥጋ ይሆናል። ቦታውን የሚያውቅ አስጎብኚ ግን ያንኑ ድኩላ ዓመት ሙሉ እያሳየ ቤተሰቡን ያስተዳድርበታል፤ የደኑ ወጣቶችም ዛፉን ላለመቁረጥ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛሉ። ስለዚህ ልብሳችሁን በመብራቱ ፈትኑ፣ አመዳችሁን ቋጥሩ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ዝም ብሎ መቀመጥን ከእናንተ ይማሩ።