ባያለቅስም ያመዋል

(ባለፈው እሑድ በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ አንዲት የሠፈራችን እናት ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት ተለጥፏል።)



ሊቀ መንበሩ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ንግግር የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ግን የልጄ ነገር እናንተንም ስለሚነካ ነው የተነሣሁት።

ልጄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የአጥሩን ቆርቆሮ እያንኳኳ የሚዞረው እሱ ነው። ኦቲዝም አለበት። እርግማን አይደለም፤ የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም፤ አንጎሉ ሲፈጠር ጀምሮ በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጥተው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ባይከፍቱ ኖሮ ብዙዎቻችን ቃሉንም ባልሰማነው ነበር።

ባለፈው ክረምት ከድንጋዩ አጥር ላይ ወደቀ። እኔ አላየሁም። አብረውት የነበሩት ልጆች አይተዋል፤ ስላላለቀሰ ግን «ምንም አልሆነም» ብለው ዝም አሉ። ቤት ገባ፣ ራቱን በላ፣ ተኛ። በማግሥቱ እንጀራውን በግራ እጁ ሲቆርስ አየሁት፤ «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣ» ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ገላውን ሳጥበው የቀኝ አንጓው አብጦ አገኘሁት።

ሕክምና ወሰድኩት። የተቀበለን ባለሙያ እጁን ጫን ጫን ሲያደርገው ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። «ቢሰበር ኖሮ ይጮህ ነበር፤ ወለምታ ነው» ተባልን። አልዋጥልህ አለኝና ሌላ ቦታ ራጅ አስነሣሁት። አጥንቱ ተሰብሯል! ሦስት ቀን ሙሉ በተሰበረ እጅ ሲጫወት ነበር ማለት ነው። ጀሶ ታሠረለት፤ ዛሬ ድኗል።

ታዲያ አላመመውም? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ለሕመም ግድ የሌለው መምሰልን ከኦቲዝም ምልክቶች ጋር ይጠቅሰዋል። «መምሰል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደም ሲቀዳላቸው ከሌሎች ልጆች ያነሰ ሕመም ያሳዩ ነበር፤ የልብ ምታቸው ግን ከሌሎቹ ይበልጥ ጨምሮ ተገኘ። ፊቱ ዝም ይላል እንጂ ሰውነቱ ዝም አላለም። ሕመሙን ለይቶ «እዚህ ጋ ነው» ማለት፣ ወደ እናት መሮጥ፣ ማልቀስ፣ እነዚህ ለእኛ ያለ ትምህርት የመጡልን ነገሮች ለእሱ ከባድ ናቸው። ደግሞ ያው ልጅ ጥፍሩን ልቁረጥ ስል አገር ይያዝልኝ ይላል። ሁሉም ልጅ እንደ እሱ አይደለም፤ ትንሹ ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ የሚያማቸውም አሉ።

ሳልደብቅ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ። «እሱ እኮ አይሰማውም» እያሉ በቁንጥጫ የሚሞክሩት ልጆች አሉ፤ ክንዱ ላይ የጥፍር ምልክት አግኝቻለሁ። ልጆቹን አልከስም። ቃሉን ከእኛ ከትልልቆቹ ነው የሰሙት። እኔ ራሴ «የኔ ጀግና፣ አያመውም» እያልኩ ጎረቤት ፊት ስኮራ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወድቅ ለቅሶውን አትጠብቁ፤ ገላውን እዩ። ልብሱን አውልቃችሁ ቀኙን ከግራው አስተያዩ። የሚያነክስ፣ አንዱን እጁን የማይጠቀም፣ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያለ፣ ያለ ወትሮው ራሱን የሚመታ ከሆነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አንድ ሰዓትም አትቆዩ። ሐኪሙንም አስቀድማችሁ «ይህ ልጅ ቢታመምም አያሳይም» በሉት።

ስለ ወጌሻም ልናገር፤ አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደምትሰኙብኝ አውቃለሁ። ስብራት በጣም ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግር የተቆረጠባቸው ልጆች በአገራችን አሉ። ሌላው ልጅ «ፍቱልኝ» ብሎ ይጮሃል። የኔ ልጅ ግን ጣቱ እስኪጠቁር ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ራጅ። ጀሶ ከታሰረ በኋላም ጣቶቹን ማየት ነው፤ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ወዲያው መመለስ።

የምለምናችሁ ይህንን ነው፤ ወድቆ፣ ተቃጥሎ ወይም ተመትቶ ካያችሁት፣ እየሳቀ ቢሄድ እንኳ ንገሩኝ። ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን አንኳኩ። ልጆቻችሁንም ዛሬ ማታ «ያየ ሰው ይናገር፣ የሚቆጣው የለም» በሉልኝ።