የጤፍ አበባ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጤፍ ነው። በተለይም ስለ ጤፍ አበባ።

«ጤፍ አበባ አለው እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለው። ግን በጣም ትንሽ ነው። ፍሬው ራሱ ደቃቅ አይደል? በ1 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ2000 ቅንጣት በላይ አለ። አበባውማ እንዴት ይታያል!

እኛ የጉለሌ ሰዎች ጤፍ ስንገዛ አዲሱ ገበያ እንወጣለን። በመዳፋችን ዘግነን፣ እፍ ብለን፣ ንጣቱን እናያለን። «ማኛ ነው? ነጭ ነው? ሠርገኛ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የነጣው ይወደዳል። ገበሬውም ይህን ያውቃል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተመራማሪዎች መርጠው ያወጡት «ማኛ» የሚባል ዘር አለ። ፍሬው እጅግ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን ያንሳል። «ዱከም» የሚባል ሌላ ዘርም አለ። እሱ ብዙ ያፈራል፤ እንደ ማኛ ግን አይነጣም። ታዲያ ገበሬው የቱን ይዝራ? ጎተራ የሚሞላውን ወይስ ገበያ የሚፈልገውን? ልጆቹን የሚያበላው ከዚያችው ማሳ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛውም ከዚያችው ማሳ ነው።

«ሁለቱን ማዳቀል ነዋ!» ትሉኛላችሁ። አነጋገሩ ቀላል ነው። የጤፍ አበባ ግን ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድነት ይዛለች። ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ሰው ገብቶ ሊያዳቅላት ሲፈልግ አበባዋ ተዘግታ ያገኛታል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ጊዜ ጤፍን ማዳቀል ሳይቻል ቆየ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ምስጢሩን አገኙት። አበባዋ ትከፈታለች፤ ግን በማለዳ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ45 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ! አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛ ለቁርስ እሳት ስናነድ እሷ ተከፍታ ትዘጋለች።

ከዚያ ወዲህ ማዳቀል ተቻለ። ሥራው ግን ዓይን ይፈጃል። በአንዲቱ አበባ ውስጥ 3 ወንዴዎች አሉ። ሠራተኛው በማጉያ መሣሪያ እያየ፣ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ከዚያ የሌላውን ጤፍ የአበባ ዱቄት በሴቴዋ ላይ ያደርጋል። እኔ መምህር ነኝ፤ ለሰዓታት ደብተር አርማለሁ። ይህን ሥራ ግን የምችለው አይመስለኝም።

በቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዱከምንና ማኛን በዚህ መንገድ አዳቀለ። ዘሩን እየዘሩ፣ እያጨዱ፣ እየመረጡ ዓመታት አለፉ። ገበሬዎችም በማሳቸው ሞከሩት፤ አስተያየታቸውን ሰጡ። በ1998 ዓ.ም. አዲሱ ዘር ወጣ። ስሙም «ቁንጮ» ተባለ። ቁንጮ በሕፃን አናት ላይ የሚቀር ጸጉር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ከላይ ያለ ማለት ነው። ፍሬው ነጭ ነው፤ ምርቱም ጥሩ ነው። ገበሬዎች ወደዱት፤ ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ በብዙ አገር ተዘራ።

ቁንጮ ግን ሁሉንም ችግር አልፈታም። ጤፍ አገዳው ቀጭንና ረጅም ነው። ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይጋሽባል፤ ማለት መሬት ላይ ይተኛል። የተኛ ጤፍ ፍሬው ይቀንሳል፤ ለአጨዳም ያስቸግራል። ማዳበሪያ ሲበዛበት ደግሞ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ መተኛቱ ይብሳል። በስንዴ ይህ ችግር የቀለለው አገዳው አጭር የሆነ ዘር በማውጣት ነው። በጤፍም አጭርና ጠንካራ አገዳ ለማግኘት የእኛ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ ካለው ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሠርተዋል።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ ጤፍ፣ አበባ፣ አገዳ፣ ማኛ፣ ዱከም፣ ቁንጮ። ቀጥላችሁም ጤፍ ነጋዴያችሁን «ይህ ጤፍ ዘሩ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገራችሁን ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ።